ሲስተር አስካለች እስከ መጨረሻ ቀናቸው የፈለጓት እናት

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በሲስተር አስካለች አልጋ ዙሪያ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ሰላማዊት፣ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሰንበት፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ግርማ፣ አማቴ እማማ በላይነሽ፣ በግቢያችን ተከራይታ የምትኖረው ትዕግሥት ከሕፃኗ ጋር፣ እኔም የሜሮን እናት። በረንዳው ላይና ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸውን ያዘሉ ሴቶች ቆመው ነበር። የሁሉንም ስም ልጽፍ አልችልም፤ አንዳንዶቹን የማውቃቸው በልጆቻቸው ስም ብቻ ነው። ያልነበረችው ዘነበች ናት። ሲስተር ግን በዚያ ሳምንት ከማንም አብልጠው የጠየቁት ስለ እሷ ነበር።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሳቸው ላይ ስታርፍ ትንፋሻቸው ቆመ። አባ ጸሎቱን ጨረሱ። ሰላማዊት እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። አቶ ግርማ ዓይናቸውን ጠርገው ወጡና ለእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነገሩት። ልባቸው ከደከመ ሰንብቶ ስለነበር ሁላችንም የምንጠብቀው ነገር ነበር፤ ግን የጠበቁት ሞትም ሲመጣ ያው ሞት ነው። በማግስቱ በሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው።

ለማያውቋቸው ልንገር። ሲስተር አስካለች አዋላጅ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ እናቶችን ሲከታተሉ ኖሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል እስከ ወንዙ ባሉት ግቢዎች ነፍሰ ጡር ካለች ማንም ሳይጠራቸው ይሄዳሉ። ሆዷን ይዳስሳሉ፣ ደም ግፊቷን ይለካሉ፣ የልጁን የልብ ምት ያዳምጣሉ። ከዚያ ባልየውን አስቀምጠው መጠየቅ ነው። መኪና የሚጠራው ማን ነው? ትልቁን ልጅ የሚይዘው ማን ነው? ደም ቢፈሳት ደም የሚሰጣት ማን ነው? ይህን ሳያስመልሱ ከወንበራቸው አይነሱም። አንዱ ባል «የእኔን ደም ምን አመጣው ሲስተር?» ቢላቸው፣ «ልጁን ስትሰጣት መቼ ሰሰትክ?» አሉት። ሚስቱ እንኳ ሕመሟን ረስታ ሳቀች።

«ቤት መውለድ ነውር አይደለም፤ እኔም ቤት ነው የተወለድኩት። እኔ የምፈራው ሳይታዩ መውለድን ነው» ይሉ ነበር።

ዘነበች በእሳቸው ክትትል ውስጥ የነበረች የመጨረሻዋ እናት ናት። መውለጃዋ ደርሷል። ሲስተር ባዩዋት ጊዜ ልጇ ሆዷ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ካልዞረ ቤት ውስጥ ሊወለድ አይችልም፤ እናትየውንም ልጁንም ይገድላል። እሷ ደግሞ ቤት ለመውለድ ቆርጣ ነበር። ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ፈርሶ የት እንደገባች አናውቅም። ነገሩ ይህ ነው። የሴትን ሆድ ነገር ለሰው ማውራት ሲስተር የሚጠሉት ነገር እንደ ነበር የሚያውቋቸው ሁሉ ያውቃሉ፤ ይህን ግን ራሳቸው «ለሚሰማሽ ሁሉ ተናገሪ» ብለውኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማሰብም እሷን ለመፈለግም ነው። እርግጠኛ ያልሆንኩትን ነገር ላለመጻፍ እጠነቀቃለሁ።

ሲስተር የራሳቸው የሆነ አሠራር ነበራቸው። በእኛ ሰፈር ብዙ ሴት ምጥ ሲጀምራት ለሰው አትናገርም። የሰማው ሰው በበዛ ቁጥር ምጡ ይረዝማል ተብሎ ይታመናል። እናቴም እንዲሁ ታምን ነበር፤ እኔም አላምንም ብዬ አልዋሽም። ግድግዳው ስስ በሆነበት ግቢ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ምጥ ጀመረኝ» ማለት ለሰፈሩ ሁሉ መናገር ነው። ሲስተር ይህን አልተቃወሙም። «ለማንም አትናገሩ፤ ለእኔ ግን ላኩብኝ» አሉ። መውለጃዋ ለቀረበ እናት ሁሉ ወንፊት ያውሷታል። በየወንፊቱ ጠርዝ ላይ ለየቤቱ የተለየ ቀለም ያለው ክር ታስሯል። ምጥ ሲጀምር ከቤተሰቡ አንዱ ወንፊቱን ይዞ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያየው ሰው የተዋሱትን ዕቃ እየመለሱ ነው ብሎ ያልፋል። ሲስተር ክሩን ሲያዩ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቦርሳቸውን አንስተው ይወጣሉ።

ሰላማዊት «ስልክ እያለ ወንፊት!» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

«ስልክ ካርድ ያልቅበታል፣ ባትሪ ይዘጋበታል። ወንፊት ምን ያልቅበታል?» ይሏታል።

የእኔ ክር አረንጓዴ ነበር። ሜሮንን አርግዤ ሳለሁ ወንፊቱን አውሰውኝ በምስማር ሰቀልኩት። ከሜሮን በፊት አንድ ልጅ ሆዴ ውስጥ ሞቶብኝ ስለነበር ያን ወንፊት በየቀኑ እየነካሁ መኖሩን አረጋግጣለሁ። አማቴ እማማ በላይነሽ ሊያርሱኝ ከመንዝ በመጡ ጊዜ «ይህ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የሲስተር አስካለች ነው፤ አውሰውኝ ነው» አልኩ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ስለ ምጥ አስቀድሞ ማውራት ፈርቼ ነው።

አማቴ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። የሰው ዕቃ ቤታቸው ሲሰነብት ያማቸዋል። ባዶውን መመለስ ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ከመስረቅ አይተናነስም። በማግስቱ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ ወንፊቱን አጥበው፣ የሽንብራ ቆሎ ሞልተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሰው እየጠየቁ ሲስተር ቤት ደረሱ። ሲስተር አረንጓዴውን ክር ሲያዩ ሌላ አልጠየቁም። ቦርሳቸውን አንስተው ባጃጅ አስቆሙ። አማቴንም ጎትተው አስገቧቸው። አማቴ ለቆሎው እንዲህ ያለ ምስጋና አይተው አያውቁምና በመንገድ ሁሉ «ኧረ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ነገር ናት» ይሉ እንደ ነበር ሲስተር ኋላ ላይ ነግረውናል።

በሩን በርግደው ገቡ። ነጠላቸው በአንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አንቺ ሴት፣ ልብስ ታጥቢያለሽ?»

«ምን ላድርግ ሲስተር?»

«ምጡስ?»

«የምን ምጥ?»

ሦስታችንም ወንፊቱን አየን። አማቴ እቅፋቸው ውስጥ እንደያዙት ነበሩ። ነገሩ ሲነገራቸው ደረታቸውን ደቁ። «እኔ ምን አውቄ! በእኛ አገር በወንፊት ዱቄት ይነፋበታል እንጂ ልጅ አይወለድበትም!»

ሲስተር የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። በሳሙና ውሃ የራሰውን እግሬን እያዩ ነበር።

«እግርሽ እንዲህ ያበጠው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆመው ሲውሉ ያብጣል ብለውኝ ነው።»

«ራስሽንስ ያምሻል?»

«ፀሐይ መትቶኝ መሰለኝ።»

«ዓይንሽ ላይስ?»

አንዳንዴ እንደ ብልጭታ ያለ ነገር እንደማይ ነገርኳቸው። ሲስተር የደም ግፊት መለኪያቸውን አውጥተው ለኩኝ። ትንሽ ቆይተው በሌላው ክንዴ ደገሙት። ምንም አልተናገሩም። እኔ ዝም ያለ ሰው ፊት እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም።

«ሲስተር፣ ልሞት ነው?»

«ዛሬ አይደለም። ዛሬ ባጃጅ ላይ ነው የምትወጪው። እማማ በላይነሽ፣ የልጁን ጨርቅ ያምጡ። ባሏን ጥሩልኝ።»

እጄን ይዘው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹም ጊዜ አላባከኑም፤ ሜሮን በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ተወለደች። ምጥ ገና አልጀመረኝም ነበር። ምጡን ብጠብቅ ኖሮ ወንፊት የሚላክላት ሴት አትኖርም ነበር ብለውኛል ሲስተር፤ ያን ጊዜ ሳይሆን ከወራት በኋላ፣ መስማት ስችል። አማቴን ባገኟቸው ቁጥር ተነስተው ይቀበሏቸው ነበር። «እሳቸው ናቸው የላኩኝ» ይላሉ ለሰው። አማቴ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ «እኔ ቆሎ ነው የላክሁት» ይላሉ።

ቤት ውስጥ ሲያዋልዱም አይቻቸዋለሁ። ትዕግሥት በወለደች ጊዜ ነው፤ ክረምት ነበር፣ እኩለ ቀን። መንገዳችን ለቧንቧ ተቆፍሮ በዝናቡ ጭቃ ሆኖ ነበር። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ወንፊቱን ይዛ የሮጠችው የባሏ እህት ነበረች። ሲስተር ረጅም ቦት ጫማ አድርገው በጭቃው መጡ። ትዕግሥትን አይተው «ጭንቅላቱ መጥቷል። እዚሁ ነው» አሉ። ጓንታቸውን አደረጉ፣ ንጹሕ ላስቲክ አነጠፉ፣ ምላጩንና የእትብት ማሠሪያውን በቅደም ተከተል አስቀመጡ። በሩ ላይ የተሰበሰቡትን ሴቶች «ማርያም ማርያም በሉ፤ ግን ከውጪ ሆናችሁ። ውስጥ አየር ያስፈልጋታል» አሏቸው። ባሏ ናትናኤል በረንዳው ላይ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ይንቆራጠጥ ነበር።

«አንተ፣ ስልኩን አስቀምጥና እጅህን ታጠብ» አሉት።

«እኔ? ወንድ እኮ አይገባም ሲስተር!»

«እንግዲያው ወንድነትህን በር ላይ ተወውና ጀርባዋን ደግፈህ ያዝልኝ።»

ገባ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። ትዕግሥት ስታየው «ውጣልኝ! ፊትህን አልየው!» ብላ ጮኸች። መውጣት ሲጀምር ሲስተር በእግራቸው መንገዱን ዘጉበት። «ቁም። ጥሩ ምልክት ነው፤ ባሏን ስትጠላ ልጁ ቀርቧል ማለት ነው።»

ቀርቦም ነበር። ሴት ልጅ ወጣች፤ ግን አላለቀሰችም። ሲስተር በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው አሿት፣ አፏን ጠረጉ፣ ጀርባዋን ደጋግመው አሹ። እጃቸው ይፈጥናል፤ ፊታቸው ግን አይቸኩልም። በኋላ ሕፃኗ እንደ ድመት ያለ ድምፅ አሰማች፤ ከዚያ ጮኸች። ናትናኤል የትዕግሥትን ራስ አቅፎ እያለቀሰ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ ነውና ሦስት ብለው አቆሙ።

ሲስተር ከውስጥ ሆነው ጮኹባቸው። «ምን አቋረጣችሁ? ይቺስ ምጧ ግማሽ ነበር እንዴ? ሰባት አድርሱት!»

አደረሱት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ግቢ የሴቱም የወንዱም እልልታ እኩል ነው።

ገንፎው ተሠርቶ ቅቤው ሲቀልጥ ሁሉም ሰው መሳቅ ጀመረ። ሲስተር ግን አልሳቁም። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ ሙሉ መሆኑን አገላብጠው እስኪያዩ ድረስ እህል አልቀመሱም። ከዚያም እጃቸውን ትዕግሥት ሆድ ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ሴት የምትሞትብኝ ሁሉም ሰው ሲስቅ ነው» አሉኝ በለሆሳስ። «ልጁን ያዩና እናቲቱን ይረሷታል።» ኋላ ላይ ወንዶቹ ትዕግሥትን በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ሲያወጧትም አብረው ሄዱ። ልጅቷም እናቷም በጤና ጣቢያ ታይተው ተመለሱ።

አሁን ወደ ዘነበች ልምጣ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሲስተር ጉልበት ደክሞ ስለነበር ዳገት ላይ ክንዴን ይይዙ ነበር። እኔም ሜሮንን ለአማቴ እየተውኩ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ዘነበች የምትኖረው በኦቦ ቱሉ ግቢ ነበር። ኦቦ ቱሉ የአካባቢው የድሮ ገበሬ ናቸው፤ ማሳቸው ቤት ተሠርቶበት ላሞቻቸው ብቻ ቀርተዋል። ከበረቱ ጀርባ በተርታ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎችን ለቀን ሠራተኞች ያከራዩ ነበር። ዘነበች ከወላይታ መጥታ በየሕንፃው አሸዋ ስትሸከም የኖረች ወጣት ናት። ባሏ ደሳለኝ ግንበኛ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው።

በቅርቡ በሄድን ጊዜ ሲስተር ሆዷን ከዳሰሱ በኋላ እጇን ይዘው በሆዷ ላይ አስቀመጡት። «ይኸው፣ በዚህ ጎንሽ ጭንቅላቱ ነው። በዚህኛው ቂጡ። ተመቻችቶ ተጋድሞልሻል።»

ዘነበች ሳቀች። «እንደ አባቱ ነው። እሑድ እሑድ እንዲሁ ነው የሚጋደመው።»

«አባቱን ዱላ ያስነሳዋል። ይህን ግን በራሱ ካልዞረ ሐኪም ነው የሚያወጣው።»

ያን ጊዜ ፊቷ ጠቆረ። «እኔ ሆስፒታል አልሄድም ሲስተር። እናቴ ሁላችንንም ቤት ነው የወለደችን፤ አንዳችንም አልሞትንም።»

«እናንተ በጭንቅላታችሁ ስለ መጣችሁላት ነው።»

«ሆዴን ከቀደዱኝ አሸዋውን ማን ይሸከምልኛል? እዚህ ዘመድ የለኝም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣታል። ሲስተር አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው፤ ከባድ ነገር ነው» አሉ። «በሳምንቱ መጥቼ አይሻለሁ። ሊዞር ይችላል። ካልዞረ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እጅሽን ይዤ እገባለሁ፤ ስትነቂም እዚያው ነኝ። አራስ ቤትሽ ደግሞ የእኔ ቤት ይሆናል። ሰላማዊት ገንፎ ታበላሻለች፤ አታምርም ገንፎዋ፣ ግን ታጠግባለች።»

ዘነበች አላመነችም፤ አልተቃወመችምም። «እስቲ በሳምንቱ እንተያይ» አለች። ሲስተር ቀይ ክር ያለበትን ወንፊት አዋሷትና ወጣን።

ሳምንቱ ሳይሞላ ሲስተር ወደቁ። አልጋ ላይ ሆነው «በእኔ ፋንታ ሂጂና ወደዚህ አምጪያት» አሉኝ። ስደርስ ክፍሎቹ የሉም። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ፈርሰዋል። ኦቦ ቱሉ በፈረሰው አጥር ላይ ተቀምጠው ጥጃ ይዘው ነበር።

«ዘነበችስ ኦቦ ቱሉ?»

«ሄዱ። ደሳለኝ ዕቃውን በጋሪ ጫነ። እሷ ከኋላ በእግሯ።»

«ወዴት?»

«ፉሪ ያለ መሰለኝ። ጀሞ ያለም ይመስለኛል። አዴ፣ በዚያ ቀን ማን ማንን ሰማ? እኔስ ላሞቼን የማስገባበት አጥቼ አይደል?»

የደሳለኝ ስልክ ዝግ ነው። ደወልኩ፣ ደግሜ ደወልኩ፣ ዛሬም እደውላለሁ። በየግንባታው እየዞርኩ የቀን ሠራተኞችን ጠየቅሁ። አንዷ ለቡ በኩል አይቻታለሁ አለች፤ ሆዷ ስለ መግፋቱ ስጠይቃት ግን ያየቻት ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። ፉሪ ሄድኩ። ጀሞ ሄድኩ። ደሳለኝ የሚባል ግንበኛ ብዙ ነው፤ የዘነበች ባል የሆነውን አላገኘሁም። በየጤና ጣቢያውም ነገሩን ተናግሬአለሁ፤ የምትመጣ ከሆነ እንዲያውቁላት።

በየቀኑ ስመለስ ሲስተር በር በሩን እያዩ ይጠብቁኝ ነበር። «አገኘሻት?» ይሉኛል። አላገኘኋትም ስል አይቆጡም። «ነገም ሂጂ» ይላሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰላማዊት አዝና «አክስቴ፣ እባክሽ ስለ ራስሽ አስቢ። ሐኪሙ አትጨነቂ ብሎሻል» አለቻቸው።

ሲስተር ትንፋሽ እያጠራቸው መለሱላት። «እኔ የሚመጣብኝን አውቃለሁ። እሷ አታውቅም።»

ሰኞ ዕለት እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ወንፊቱን ብትልከው እኔ የለሁም። ሰው ፊት እንዳትፈሪ። ለሚሰማሽ ሁሉ ተናገሪ።» በማግስቱ አረፉ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ዘነበች ምጥ ይዟት ሰው ብትልክ የሚደርሰው ለቅሶ ቤት ነው። ሰላማዊት ለቅሶው ካለፈም በኋላ በሩን አትዘጋም። እኔና ትዕግሥት ተራ ይዘን ቤቱን አንለቅም። የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን ሳይሆን እጁን እናያለን። ግን ከፉሪ ወይም ከጀሞ ማዶ ሆና ማን ይልክላታል? ምናልባትም ልጁ ዞሮ ይሆናል። ሲስተር ብዙ ጊዜ እንደሚዞር ነግረውኛል። እኔ ግን በምናልባት ማደር አልችልም።

ሲስተር፣ እንግዲህ እርስዎን ልሰናበት። አባ ጸሎቱን ሲጨርሱ እግርዎን ብቻ ነው የሳምኩት። እኔ እያንዳንዱን ነገር የምፈራ ሴት ነኝ፤ እርስዎም ያውቁታል። አንድም ቀን ግን አትፍሪ ብለውኝ አያውቁም። «ፍሪ፤ ግን እየፈራሽ ሂጂ» ነው ያሉኝ። ሜሮን ትናንት ስምዎን እየጠራች በርዎ ላይ ቆማ ነበር። ሲያድጉ የሚነግሯቸው እናቶች ስላሏቸው፣ በእጅዎ የተወለዱት ሁሉ ማን እንደ ተቀበላቸው ያውቃሉ። ድካምዎን ሁሉ ያየ አምላክ ነፍስዎን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። የሚመሽብዎት ደጅ፣ የሚያደክምዎት ዳገት ከእንግዲህ የለም። የቀረውን እኛ እንሄድበታለን። ደህና ይሁኑ፣ ሲስተር።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ። ዘነበች ቀጭን፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ ግራ ግንባሯ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት ወጣት ናት። ባሏ ደሳለኝ ረጅም ግንበኛ ነው፤ ሲራመድ ትንሽ ያነክሳል። ያያት ሰው ልጁ ተጋድሞ እንደ ነበርና ምጥ ሳይጀምራት መታየት እንዳለባት ይንገርልኝ፤ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያም ይውሰዳት። ብቻዋን እንዳትሆን እኔ እመጣለሁ። ወልዳ ከሆነም እሷና ልጁ ደህና መሆናቸውን አሳውቁኝ። ሀና ማርያም አካባቢ መጥታችሁ የእድሩን ዳኛ አቶ ግርማን ብትጠይቁ ወደ እኔ ያደርሷችኋል። ትንሽም ብትሆን ስለ ዘነበች የሰማችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።